ማንበብ ሲያቅተኝ ላይብረሪ እንዴት እንደመለሰኝ

ይሄን የምጽፈው በፊት መጽሐፍ እጃቸው ከገባ ሌላውን ሁሉ የሚረሱ፣ አሁን ግን አንድ ገጽ መጨረስ ላቃታቸው ሰዎች ነው። ረጅም ስለሆነ በአንዴ ካልቻላችሁ ከፋፍላችሁ አንብቡት፣ ምንም አይደለም። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እኔ በጽሑፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ማንበብና መጻፍ ሥራዬም ደስታዬም ነበሩ። ወንድሜ ከሞተ በኋላ ግን ሁለቱም ጠፉ። የመጻፉ መጥፋት ብዙም አልገረመኝም፣ ሐዘን ላይ ተቀምጦ ማን ይጽፋል፣ የማንበቡ ግን አስደነገጠኝ፣ ምክንያቱም ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከፋኝ የምሸሸው ወደ መጽሐፍ ነበር፣ አሁን በጣም በከፋኝ ሰዓት መሸሻው ራሱ ጠፋ። እንዲህ አይነት ነገር ሰው ላይ እንደሚደርስ የነገረኝ ስላልነበረ አእምሮዬ የተነካ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይሄን ልበላችሁ፣ ይደርሳል፣ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፣ ደሞ ይመለሳል።

እንዴት እንደሚያደርግ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዓይኔ መስመሩን ይከተላል፣ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስደርስ ግን መጀመሪያው የለም። ተመልሼ አነበዋለሁ፣ ደሞ ይጠፋል። አንዱ ገጸ ባሕሪ በር ከፍቶ ሲገባ ይሄ ደሞ ማነው እላለሁ፣ ለካ ከሁለት ገጽ በፊት በደንብ ተዋውቀናል። ትኩረት መሰብሰብ አለመቻል ሐኪሞች የድብርት ምልክት ብለው ከሚቆጥሯቸው ነገሮች አንዱ ነው፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰውም ሐሳቡ እንደሚበታተንና የቅርብ ነገር እንደሚረሳ የታወቀ ነው። ስንፍና አይደለም። ራሳችሁን መስደብ ከጀመራችሁ ዛሬውኑ አቁሙ፣ ስድቡ ራሱ ያለችዋን ጥቂት ትኩረት ይበላታል።

ወደሚጠቅመው ከመሄዴ በፊት ምን እንዳባሰብኝ ልናገር፣ ምክንያቱም ሦስቱም በቅን ሰዎች አፍ የሚመከሩ ነገሮች ናቸው።

አንዱ የምወደውን መጽሐፍ እንደገና ክፈቺ የሚለው ነው። የምታውቂው ስለሆነ አይከብድሽም ይሉኛል። ከፈትኩት። የቱ ጋ እንደምስቅ፣ የቱ ጋ እንባዬ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ጠበቅኩ፣ ምንም አልመጣም። በሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ተጨመረብኝ፣ ይሄም ሞተ ማለት ነው ብዬ። የምትወዱትን መጽሐፍ ለመጨረሻ አቆዩት። ባልዳነ ልብ አትሞክሩት።

ሌላው የስጦታ መጽሐፍ ነው። ወዳጆቼ ስለ ሐዘን የተጻፉ ወፋፍራም መጽሐፎች አመጡልኝ፣ እኔም ራሴ ገዛሁ፣ አልጋዬ አጠገብ ተከመሩ። የተገዛ መጽሐፍ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ የተሰጠ መጽሐፍ ደሞ "እንዴት ነው፣ አነበብሽው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለው። ሁለቱም ዕዳ ናቸው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ያንን የዕዳ ቁልል ነበር።

ሦስተኛው ቁጥር ነው። በዓመት ይሄን ያህል መጽሐፍ፣ በቀን ይሄን ያህል ገጽ ምናምን። ደህና የሆነን ሰው ሊያበረታ ይችላል፣ የተሰበረን ሰው ግን በየቀኑ ማታ ወድቀሻል ይለዋል። ያነበብኩትን የሚቆጥርልኝን አፕ ከስልኬ አጠፋሁት፣ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ላይብረሪ የሄድኩት ለመጽሐፍ ብዬ አልነበረም። ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ሰው ያለበት ግን ማንም የማያናግረኝ ቦታ ነበር የፈለግኩት፣ አስቡት እስኪ፣ ምንም ሳትገዙ፣ ለምን መጣችሁ ሳትባሉ፣ እስኪመሽ ድረስ የምትቀመጡበት ቦታ ስንት አለ? ዩኔስኮ በ1949 ያወጣው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደሞ በ2022 የታደሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ አገልግሎቱ በመርህ ደረጃ ነጻ መሆን አለበት ይላል፣ ዕድሜ፣ ዘር፣ ጾታ፣ ሃይማኖት ሳይለይ ለሁሉም እኩል። እንዲህ አይነት ሰነድ ደረቅ ነው፣ ግን አንድ ሰው ወንበር ሲያጣ ያ ዓረፍተ ነገር ወንበር ይሆንለታል። የኔ ወንበር መስኮት አጠገብ ነበር፣ ሁልጊዜ እሱ ላይ ነበር የምቀመጠው፣ ይሄንንም እመክራለሁ፣ አንድ ቦታ ምረጡና እሱ ላይ ብቻ ተቀመጡ፣ ሰውነት ቦታውን ሲለምደው ሐሳብም ቀስ እያለ ይሰበሰባል።

መጀመሪያ ሰሞን ምንም አላነበብኩም። በመደርደሪያዎቹ መሀል እየሄድኩ በጎናቸው የተጻፈውን ብቻ ነበር የማየው፣ ርዕስ፣ የደራሲ ስም፣ ቁጥር። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ያም ማንበብ ነው። ርዕስ አጭር ነው፣ ሳይጠፋባችሁ ያልቃል። አንዱ ርዕስ ከጎኑ ካለው ጋር ሲገጥም ጨዋታ ይሆናል፣ አንዳንዴ ሁለት ርዕሶች ተከታትለው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲሠሩ አግኝቼ ፈገግ ብያለሁ፣ ፈገግታ ደሞ በዛን ጊዜ ብርቅ ነበር።

ስለ ቁጥሩ ትንሽ ላስረዳ፣ ይጠቅማችኋል። በዓለም ላይ ብዙ የሕዝብ ላይብረሪዎች መጽሐፍ የሚደረድሩት አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ በ1876 ባወጣው አመዳደብ ነው። እውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 900 በአሥር ትልልቅ ክፍል ይከፍለዋል፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር በረዘመ መጠን ጉዳዩ እየጠበበ ይሄዳል። 800 ሥነ ጽሑፍ ነው። 808 አካባቢ ስለ አጻጻፍ የሚያስተምሩት አሉ። ወፎች 598፣ ስለ ሞትና ሐዘን የሚያወሩት 155.937፣ ድብርት ደሞ ከሕክምናው ጋር 616.8527 ላይ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍም የራሱ ቁጥር አለው፣ 892.87። የትም አገር ብትሆኑ ዲዊን የሚጠቀም ላይብረሪ ከገባችሁ እዛ ቁጥር ጋ ሄዳችሁ ተመልከቱ፣ አንድም መጽሐፍ ባይኖር እንኳን የቋንቋችን ቦታ እዛ ነው፣ እንዲገዙ መጠየቅም ይቻላል። ትንንሾቹ ቁጥሩን ስለሚያሳጥሩት 892 ብቻ ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ልብ ወለዶችን ለብቻ በደራሲ ስም ቅደም ተከተል የሚያስቀምጡም ብዙ ናቸው፣ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪዎች ደሞ ብዙ ጊዜ በፊደል የሚጀምር ሌላ አመዳደብ ነው ያላቸው።

ለሐዘንተኛ የዚህ ቁጥር ጥቅሙ ምን መሰላችሁ፣ አፋችሁን ሳትከፍቱ ይወስዳችኋል። "ወንድሜ ሞቶብኝ ነው" ብሎ ለማያውቁት ሰው መናገር ሳያስፈልግ ካታሎጉ፣ ማለትም የላይብረሪው የመጽሐፍ ዝርዝር ላይ ሐዘን ብሎ መፈለግና ቁጥሩን ይዞ መሄድ ነው። ምን እንደወሰዳችሁም ሚስጥር ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የአንባቢን የግል ጉዳይ ሚስጥር መጠበቅን በ1939 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንቡ ውስጥ ጽፎታል፣ በሙያው ውስጥ የቆየ ክብር ነው።

መደርደሪያው ዝግ የሆነበት፣ ማለትም በወረቀት ጠይቃችሁ ሠራተኛ የሚያመጣላችሁ ላይብረሪ ከሆነ እንዲህ መዞር አይቻልም። እዛ አንድ መጽሐፍ ብቻ አትጠይቁ። በአንድ ቁጥር ሥር ያሉ ሦስት አራት ርዕሶች ከካታሎጉ ጽፋችሁ ባንዴ ስጡ፣ ጠረጴዛው ላይ የራሳችሁን ትንሽ መደርደሪያ ትሠራላችሁ።

ነገሩን የቀየረው ግን ሰው ነው። ጠጉራቸው የሸበተ የላይብረሪው ሠራተኛ ነበሩ፣ ስዞር አይተውኝ ኖሮ አንድ ቀን ቀረብ አሉና "ምን ልፈልግልሽ ልጄ?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነበር። አልተገረሙም። "እሺ፣ ምን እንዳይሆን ትፈልጊያለሽ?" አሉ።

ይሄ ጥያቄ ይመለሳል! ወፍራም እንዳይሆን፣ ሰው እንዳይሞትበት፣ ምክር እንዳይሰጠኝ፣ ብዬ ባንድ ትንፋሽ መለስኩ። ሄደው ሦስት ነገር ይዘው መጡ፣ ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ፣ አንዲት ስስ የግጥም መድበል፣ ስለ ወፎች የተጻፈ መጽሐፍ። ከዛ ደሞ እስካሁን የማመሰግናቸውን ነገር ተናገሩ፣ "ያልወደድሽውን ሳትጨርሺው መልሺው፣ ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።"

ልብ በሉልኝ፣ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ፍሬ ነገር እሱ ነው። ከላይብረሪ የወጣ መጽሐፍ ይመለሳል። የተሳሳተ መጽሐፍ ብትወስዱ ምንም አልከሰራችሁም፣ ማንንም አላሳዘናችሁም፣ አልጋችሁ አጠገብ አይከመርም። ሕንዳዊው ራንጋናታን፣ የሒሳብ መምህር የነበረና ቆይቶ የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሆነው፣ በ1931 ለሙያው አምስት ሕጎች አውጥቶ ነበር፣ ሁለቱ እንዲህ ይላሉ፣ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው። ሳስበው ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ብዙ መሳሳት አለ፣ መሳሳቱን በነጻ የሚያደርገው ደሞ ላይብረሪ ነው። ለተሰበረ አንባቢ መጽሐፍ ከመግዛት መዋስ የሚሻለው በገንዘቡ ብቻ አይደለም።

ከሦስቱ ያዳነኝ የወፎቹ ነው። ማን ያስባል። እያንዳንዱ ወፍ አንድ ገጽ ብቻ ነው ያለው፣ ገጹ ሲያልቅ ነገሩም ያልቃል፣ የቀደመውን ማስታወስ አያስፈልግም። ከአላስካ ተነስታ ኒውዚላንድ እስክትደርስ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳታርፍ የምትበር የውሃ ዳርቻ ወፍ አለች። መሀል ላይ የምታርፍበት መሬት የለም፣ ከመነሳቷ በፊት በልታ በልታ ስብ ታከማቻለች፣ ለጉዞው የማያስፈልጓት የውስጥ አካሎቿ ሳይቀር ይኮማተራሉ። ይሄን አነበብኩና ማታ ለጓደኛዬ ስልክ ደውዬ ነገርኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የነቃሁት፣ ያነበብኩት ነገር ከጠዋት እስከ ማታ ጭንቅላቴ ውስጥ ቆይቷል! ለሰው ለመንገር የሚያጓጓ ነገር ማግኘት መመለሻው መንገድ ላይ እንዳላችሁ ጥሩ ምልክት ነው፣ ብታገኙ ለአንድ ሰው ንገሩ፣ መናገሩ ያጸናዋል።

ስለዚህ ምክሬ ከልብ ወለድ አትጀምሩ ነው። ልብ ወለድ ትዝታ ይፈልጋል፣ ስም መያዝ፣ ማን ምን እንዳለ መያዝ፣ የተሰበረው ደሞ እሱ ነው። ባጫጭር ቁራጭ የሚያልቅ ነገር ፈልጉ፣ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ቃላት አመጣጥ፣ መዝገበ ቃላት ራሱ ይሆናል። የልጆች ክፍል ለመግባት አትፈሩ። ጥሩ የልጆች መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው አንዲት ቃል አያባክንም፣ ሥዕሉ ደሞ ዓይን ሲደክም ያሳርፋል።

ዓይን ጭራሽ እምቢ ካለ በጆሮ አንብቡ። የድምፅ መጽሐፍ ሰነፎች ያመጡት ነገር የሚመስለው ሰው አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ግን በ1930ዎቹ ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች ተብሎ በላይብረሪ በኩል የተስፋፋ ነገር ነው። እኔ እየተራመድኩ ነበር የምሰማው፣ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጌ። ተቀምጬ ስሰማ ሐሳቤ ይሄድብኛል፣ ስራመድ ግን እግሬ ሐሳቤን ይይዝልኛል።

የግጥሟ መድበል መጀመሪያ ተመልሳ ነበር፣ ቆይቼ እንደገና ወሰድኳት። የኋላ ሽፋኗ ውስጥ የመመለሻ ቀን ማኅተም የሚደረግበት ወረቀት ተለጥፏል፣ የድሮ አሠራር ነው፣ አሁን ብዙው ቦታ በኮምፒውተር ሆኗል። ቀኖቹ መጀመሪያ ተቀራርበው ይወርዳሉ፣ ከዛ ክፍተት፣ ዓመታት፣ ከዛ አንድ ቀን፣ ከዛ ደሞ ረጅም ክፍተት። ውስጥ ደሞ አንዱ ግጥም ላይ አንዲት መስመር ሥር ስስ የእርሳስ ምልክት አለ፣ ያለ ማስመሪያ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ የተሰመረ የሚመስል። እኔም ሳላየው በፊት ያቺው መስመር ላይ ነበር የቆምኩት። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም፣ ግን ሰው ሲያጽናናኝ የማይሰማኝ ነገር ያኔ ተሰማኝ፣ እዚህ የቆምኩት እኔ ብቻ አይደለሁም የሚል። (እናንተ ግን የላይብረሪ መጽሐፍ ላይ አትጻፉ፣ ደብተር ያዙ።)

ያንን ግጥም ደብተሬ ላይ በእጄ ገለበጥኩት። ይሄ ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ልምምድ ሳይሆን አይቀርም። ዓይን ይዘላል፣ እጅ ግን መዝለል አይችልም፣ እያንዳንዱን ቃል መያዝ አለበት፣ በእጅ ፍጥነት ስታነቡ አረፍተ ነገሩ ሳይጠፋ መጨረሻው ይደርሳል። በቀን አንድ ግጥም፣ ወይም አራት መስመር፣ ይበቃል። ከግጥም ወደ አጭር ልብ ወለድ፣ ከዛ ወደ ሰዎች ታሪክ፣ ረጅም ልብ ወለድ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው፣ እሱን ልቸኩልበት አልሞከርኩም።

ስለ መመለሻ ቀን አንድ ነገር። ብዙ ሰው ላይብረሪ የሚርቀው መቀጮ እየፈራ ነው፣ በተለይ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቀን ይረሳል፣ ይዘገያል፣ ከዛ ያፍርና ጭራሽ ይቀራል። አሁን መቀጮ የተዉ ብዙ ናቸው፣ ቺካጎ በ2019፣ ኒውዮርክ በ2021 የዘገየ መጽሐፍ መቀጮ አስቀርተዋል፣ ስለዚህ የናንተው ጋ እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ቦታ መጽሐፉን ሌላ ሰው ካልጠየቀው በስልክ ማራዘምም ይቻላል። የመመለሻ ቀን መኖሩን ግን እኔ ወድጄዋለሁ። ቀኑ ሲደርስ ያነበብኩትም ያላነበብኩትም እኩል ይመለሳል፣ ቤቴ ውስጥ ምንም ያልተፈጸመ ነገር አይቀርም።

ወደ 155.937 የሄድኩት ጠንከር ስል ነው። እዛ መደርደሪያ ላይ የሐኪም ጽሑፍ፣ የሃይማኖት ጽሑፍ፣ የግል ታሪክ፣ ምክር ሰጪ ሁሉም ተደባልቆ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ከመውሰዳችሁ በፊት ማን እንደጻፈውና ማውጫውን እዩ። በተለይ ሐዘን አምስት ደረጃ አለው፣ ከመካድ ይጀምርና በመቀበል ያልቃል የሚለውን በጥንቃቄ አንብቡት። ሐኪሟ ኤልዛቤት ኪውብለር-ሮስ ደረጃዎቹን በ1969 ስታወጣ የምታወራው ራሳቸው ሊሞቱ ስለቀረቡ ሕሙማን ነበር፣ ስለ ቀሪ ቤተሰብ አልነበረም፣ ወደ ሐዘንተኞች የተዛመተው በኋላ ነው። እኔ ሦስተኛው ላይ ነኝ ወይስ ተመለስኩ እያልኩ ራሴን ስፈትሽ ነበር፣ ይሄን ሳውቅ ተገላገልኩ። ሐዘን በተራ አይመጣም። ለኔ ከሁሉ የጠቀሙኝ እንዲህ አድርጊ የማይሉት፣ እኔን እንዲህ አደረገኝ ብለው የሚተርኩት ናቸው።

በመጽሐፍ መታከም የሚለው ነገር አዲስ አይደለም፣ ቢብሊዮቴራፒ የሚለው ቃል በ1916 ሳሙኤል ክሮዘርስ በሚባል አሜሪካዊ ሰባኪና ጸሐፊ ጽሑፍ ውስጥ ወጣ፣ እንግሊዝ ውስጥ ደሞ ከ2013 ጀምሮ ሐኪሞች የሚጠቁሟቸው መጽሐፎች በሕዝብ ላይብረሪ የሚገኙበት ፕሮግራም አለ። ደስ ይላል። ግን በግልጽ ልናገር፣ መጽሐፍ ሐኪም አይተካም። እኔ በዛው ሰሞን ባለሙያ ጋ እሄድ ነበር፣ ማንበቡም የተመለሰው እንቅልፌ ትንሽ ከተስተካከለ በኋላ ነው። እንቅልፍና ምግብ ከተዋችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ ላይብረሪው ይቆይ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ዛሬ ለአንድ ሰው ንገሩ።

መጻፉም የተመለሰው እዛችው ወንበር ላይ ነው። ጄምስ ፔኔቤከር የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1986 ባሳተመው ጥናት ሰዎች ስለከበዳቸው ነገር በቀን 15 ደቂቃ ለተከታታይ አራት ቀን እንዲጽፉ አድርጎ ነበር፣ ለሰዋስው ሳይጨነቁ። ወዲያው እንደጻፉ ስሜታቸው የባሰባቸው ነበሩ፣ ጥቅሙ የታየው ቆይቶ ነው። ይሄን ማወቅ ያስፈልጋል፣ አለዚያ የመጀመሪያውን ቀን ስታለቅሱ ይሄ ነገር ጎዳኝ ብላችሁ ትተዉታላችሁ። የኔ ምክር ማታ አልጋ ላይ አትጻፉ፣ ከጻፋችሁ በኋላ ደሞ ወዲያው ብቻችሁን አትሁኑ፣ ላይብረሪ ለዚህ ምቹ ነው፣ አልቅሳችሁ ቀና ስትሉ ሰው አለ፣ ግን አያፈጥባችሁም። ጉዳቱ ገና ትኩስ ከሆነ ጠብቁ፣ አይቸኩልም። ለጸሐፊ ደሞ አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ እነዛን ወረቀቶች ወደ ሥራ አትቀይሯቸው። ይሄ አረፍተ ነገር አሪፍ ነው፣ የሆነ ቦታ ይገባል ማለት ስትጀምሩ ለአንባቢ ማሳመር ጀመራችሁ ማለት ነው፣ ያኔ ደብተሩን ዝጉት።

ማንበብ ሰውን የተሻለ ሰው ያደርጋል ወይ? በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ጥሩ ልብ ወለድ ለትንሽ ጊዜ ማንበብ የሌላውን ስሜት የመረዳት ችሎታ ይጨምራል ብሎ ብዙ ተወርቶለት ነበር፣ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሲሞክሩት ግን ያንን ውጤት አላገኙም። እኔ አልተከፋሁም። እንደ መድኃኒት ተውጦ በአንድ ሰዓት ደግ የሚያደርግ ነገር ቢሆን ነበር የሚገርመኝ። በኔ ላይ የሆነውን ግን መናገር እችላለሁ። በፊት ሳነብ እንደ ባለሙያ ነበር የማነበው፣ ይሄን እንዴት ሠራው፣ የቱ ጋ ቆረጠው፣ ምን ልውሰድ እያልኩ። ሐዘኑ ያንን አቅም ሲወስድብኝ የቀረኝ ምንም ሳይፈልግ የሚያነብ ሰው ነበር፣ አሁንም እሱን አልለቀውም።

በጽሑፌም የተቀየረ ነገር አለ። በፊት በምጽፋቸው ታሪኮች ውስጥ መጨረሻው ሲያስቸግረኝ ሰው ይሞታል። ሞት ጥሩ መዝጊያ ይመስላል፣ አንባቢ ያዝናል፣ ገጹ ያልቃል። አሁን አልችልም። ሰው ከሞተ በኋላ ነው ታሪኩ የሚጀምረው፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ስም ይጥፋ አይጥፋ የሚለው፣ ጫማው የት ይቀመጥ የሚለው፣ ለማያውቅ ሰው "ስንት ወንድም አለሽ?" ሲባል ምን ይመለሳል የሚለው። አሁን የምጽፈው እሱን ነው፣ ከበፊቱ በጣም ቀስ ብዬ።

ሐዘንተኛ ወዳጅ ላላችሁ ሰዎች የማሳስበው ነገር አለ። ወፍራም መጽሐፍ ገዝታችሁ አትውሰዱለት። ይልቅ አብራችሁት ላይብረሪ ሂዱ፣ መታወቂያ ምናምን የሚጠይቀውን ምዝገባ እናንተ ጨርሱለት፣ ካርድ ሳያወጣ እዛው ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻል እንደሆነም ጠይቁለት፣ ብዙ ቦታ ይቻላል። ምን ልዋስልህ አትበሉት፣ ምን እንዳይሆን ነው የምትፈልገው በሉት። የፈለገው መጽሐፍ እዛ ከሌለ ከሌላ ላይብረሪ ተውሰው የሚያመጡበት አሠራር ስላለ ሠራተኞቹን አናግሩ። ከቤት መውጣት የሚያቅተው ቀን ደሞ ይመጣል፣ እኔም መጥቶብኛል፣ ጓደኛዬ በር ላይ መጥታ ያላነበብኳቸውን ሰብስባ መልሳልኝ ሌላ ሦስት ይዛልኝ መጣች፣ አነበብሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ የመመለሻውን ቀን ደሞ በሱ ስልክ ላይ ሳይሆን በናንተ ስልክ ላይ መዝግቡት።